ድንጋዩን በተረት ሳይሆን በሚዛን እንምረጥ

በትኩስ ድንጋይ ሰውነትን ማሸት ዛሬ በከተሞቻችን በሚገኙ አንዳንድ ማሳጅ ቤቶች የሚሰጥ አገልግሎት ሆኗል። ዘመናዊው ስልት እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ፣ በአሪዞና ግዛት በሜሪ ኔልሰን ተጀምሮ ወደ ሌላው ዓለም የተሠራጨ ነው። ከስልቱ ጋር ግን አንድ አባባል አብሮ ተጉዟል፤ ይኸውም «ድንጋዩ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ስለሆነ ልዩ ኃይል አለው» የሚል ነው። እኛ ይህን አባባል አንቀበለውም። የማንቀበለውም ለክርክር ያህል ሳይሆን፣ ድንጋይን በተረት የሚመርጥ ሰው የሌላውን ሰው ቆዳ ሊያቃጥል ስለሚችል ነው።

ለዚህ ሥራ በብዛት የሚመረጠው ባሳልት፣ ማለትም በግንብ ሥራ የምናውቀው ጥቁር ድንጋይ ነው። አገራችን በዚህ የታደለች ናት፤ የሰሜኑና የመካከለኛው ደጋችን ሰፊ ክፍል ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በፈሰሰ ላቫ የተሸፈነ ነው። ምርጫው ትክክል ቢሆንም ምክንያቱ ግን ምሥጢራዊ ኃይል አይደለም። ጥቅጥቅ ያለ ባሳልት በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.9 ግራም ያህል ይመዝናል፤ አንድ ኪሎ ግራሙን በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅም 840 ጁል ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ 200 ግራም የሚመዝን ባሳልት ከ50 ወደ 37 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 2,200 ጁል ገደማ ሙቀት ይለቃል። በይዘት ከእርሱ ጋር እኩል የሆነ፣ ነገር ግን ውስጡ የተቦረቦረ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የዚህን ግማሽ እንኳ ላይሰጥ ይችላል። ሁለቱም የእሳተ ገሞራ ልጆች ናቸው፤ የለያቸው ጥግግታቸው ነው።

የተቦረቦረ ድንጋይ ሌላም አደጋ አለው። በእሳት ላይ ሲጣድ በቀዳዳዎቹ የተቋጠረው ውኃ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ድንጋዩን ሊያፈነዳው ይችላል። ባልጩትም ቢሆን በተፈጥሮው መስታወት በመሆኑ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ይሰነጥቀዋል፤ ስባሪውም እንደ ምላጭ ይቆርጣል።

ታዲያ እንዴት እንምረጥ? በቅድሚያ የወንዝ ውኃ ያለሰለሰውን፣ ሹል ጠርዝና ስንጥቅ የሌለበትን ድንጋይ እንውሰድ። ደረቁን እንመዝን፤ ውኃ በተሞላ መስፈሪያ ውስጥ ከትተን ይዘቱን እንለካ፤ ክብደቱን ለይዘቱ ስናካፍል ውጤቱ ወደ 2.9 የሚጠጋ ከሆነ መልካም ነው። ከዚያም ውኃ ውስጥ አሳድረን፣ ላዩን አድርቀን፣ እንደገና እንመዝነው። ክብደቱ በግልጽ ከጨመረ ውኃ መጥጧልና እንተወው። የተመረጠው ድንጋይ በሳሙናና በብሩሽ ታጥቦ፣ በእሳት ላይ ሳይሆን በውኃ ውስጥ ቀስ በቀስ ይሞቃል።

«ሙቀቱን በእጃችን እናውቀዋለን» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ልምዳቸውን እናከብራለን፤ ይሁን እንጂ ትኩስ ነገር የለመደ እጅ ቴርሞሜትርን አይተካም። በ60 ዲግሪ የሞቀ ውኃ የአዋቂን ቆዳ ክፉኛ ለማቃጠል 5 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል፤ በ49 ዲግሪ ግን ደቂቃዎች ይወስድበታል። ከ11 ዲግሪ የማይበልጥ ልዩነት ከሰከንዶች ወደ ደቂቃዎች ያሻግራል ማለት ነው። ስለዚህ ድንጋዩ ገላ ከመንካቱ በፊት ሙቀቱ ሊለካ፣ ከነካ በኋላም በአንድ ቦታ ሳይቆም ሊንቀሳቀስ ይገባል። በስኳር በሽታ ምክንያት የቆዳቸው ስሜት የደነዘዘ ሰዎች ደግሞ እየተቃጠሉ ላይሰማቸው ስለሚችል፣ ሐኪም ሳያማክሩ ባይሞክሩት እንመክራለን።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ሁሉ ለመመርመር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሚዛን፣ መስፈሪያና ቴርሞሜትር በቂ ናቸው። በክፍል ውስጥ ስለ ጥግግትና ስለ ሙቀት የተማርነው ለፈተና ብቻ ከሆነ ትርፉ ጥቂት ነው። የሰውን ገላ ከቃጠሎ ሲያድን ግን ዕውቀት ስሙን ያገኛል።