የፋይበር ግላስ ዕቃ ውበትና የሠራተኛው ጤና

ነጋዴ ዕቃ ሲመርጥ አስቀድሞ የሚመለከተው የውጭ ገጹን ነው። የፋይበር ግላስ ገንዳ፣ ጀልባ ወይም የመኪና አካል ልሙጥና አንጸባራቂ ከሆነ ገዢ አያጣም። ይህ ውበት በምን ዓይነት አሠራር እንደ ተገኘ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በተለመደው አሠራር ጄልኮት የተባለው ቅብ በተከፈተ ሞልድ ላይ እንደ ጉም ይረጫል፤ ውፍረቱም ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው። በላዩ የመስታወት ክርና ሬዚን ይደረብበታል፤ ጠንክሮ ከሞልዱ ሲወጣ ጄልኮቱ የዕቃው ፊት ይሆናል። ነገር ግን ቅቡ በሚረጭበትና በሚደርቅበት ጊዜ በውስጡ ካለው ስታይሪን ከፊሉ ወደ አየር ይተናል። ትነቱ ዓይንንና ጉሮሮን ይቈጠቍጣል፤ ራስንም ያዞራል። ከዚህም በላይ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ስታይሪንን በሰው ላይ ካንሰር ሳያስከትሉ አይቀሩም ከሚባሉት ነገሮች መደብ አግብቶታል።

ጉዳቱ የጤና ብቻ አይደለም። የሚተነው ስታይሪን በኪሎ ተመዝኖ፣ የማጓጓዣ ሒሳብ ተከፍሎበት የተገዛ ነው። ስለዚህ አየሩን ከትነት መጠበቅ ገንዘብንም ማዳን ነው።

መፍትሔው በሦስት ደረጃ ይገኛል። አንደኛው፣ የስታይሪን መጠኑ አነስተኛ የሆነ ጄልኮት መግዛት ነው። ሁለተኛው፣ ቅቡን ወደ ጉም ሳይለውጥ እንደ ቀጭን ጅረት በሚያፈስ መርጫ መሥራት ነው። ሦስተኛውና የተሻለው፣ ቅቡን በተዘጋ ሞልድ ውስጥ በግፊት ማስገባት ነው፤ ይህ ዘዴ በመኪና ክፍሎች ሥራ የታወቀ ሲሆን፣ በእንግሊዝ አገር የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ለጄልኮት እንዲስማማ አድርገው አጥንተውታል።

እርግጥ ነው፣ ዝግ ሞልድ ዋጋው ከፍ ያለ ስለሆነ ጥቂት ዕቃ ብቻ ለሚያወጣ አነስተኛ ወርክሾፕ ላይበጀው ይችላል። ማራገቢያ ይበቃል የሚሉም አሉ። ማራገቢያ አስፈላጊ ቢሆንም፣ ትነቱን ከሠራተኛው ወደ ጎረቤት ያሸጋግራል እንጂ አያጠፋውም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ግን ከአነስተኛው ወርክሾፕ ዐቅም በላይ አይደሉም።

እንግዲህ አስመጪው ጄልኮት ሲያዝ ከዋጋው ጋራ የስታይሪኑን መጠን በመቶኛ ይጠይቅ፤ ባለ ሱቁም የጥንቃቄ መግለጫውን ከቆርቆሮው ጋራ ለገዢው ይስጥ። አምራች የሚሠራው ነጋዴ የሚጠይቀውን ነውና፣ ጠያቂ ሲበዛ ንጹሑ አሠራርም ይበዛል።