ቶርኖ ከመግዛት በፊት መሮ መያዝ

በአምባ ጊዮርጊስ ገበያ የፕላስቲክ ሳፋ የእንጨት ገበቴን እያስወጣው ነው። በእንጨት ሥራ የተሰማሩ ወጣቶቻችን ደግሞ «በብድር ቶርኖ ይገዛልን» ይላሉ። በሙያው ውስጥ ስላለሁ ጥያቄው ይገባኛል፤ ነገር ግን ቶርኖ እንጨቱን ያሽከረክራል እንጂ አይቆርጥም። የሚቆርጠው መሮው ነው።

ለአንድ ገበቴ ደግሞ አንድ መሮ አይበቃም። በ40 ዲግሪ ገደማ የተሳለ ጎድጓዳ መሮ ጎኑን አለስልሶ ይቆርጣል፤ ወደ ጥልቁ ሲወርድ ግን ዘንጉ ከገበቴው ከንፈር ጋር ይጋጫል። ወለሉን የሚጨርሰው በ60 ዲግሪ ገደማ የተሳለው ነው። ውጩ ከመቀመጫው ወደ ከንፈሩ፣ ውስጡ ከከንፈሩ ወደ መሀል ይቆረጣል፤ አቅጣጫው ከተገለበጠ የእንጨቱ ጭረት ይነጫል። ይህን ያልተማረ ባለሙያ ባገኘው መሮ ፍቆ ፍቆ ቁስሉን በብርጭቆ ወረቀት ይሸፍናል።

ለልምምድ ዋንዛ አይባክን። ዋንዛ የወይና ደጋ ዛፍ ነው፤ እኛ ደገኞች የምናገኘው ገዝተን ነው። በየጓሯችን ባህር ዛፍ ሞልቷል። እርጥቡን ቆርጦ መለማመድ ይቻላል፤ ሲደርቅ ቢሰነጠቅ ማገዶ ይሆናል።

ስለዚህ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ሠልጣኙን ባማረ ገበቴ ብቻ አይመዝኑት። መሮውን ራሱ ይሳል፤ እየቀያየረ ይቦርቡር፤ መምህሩም ሥራውን ብርጭቆ ወረቀት ሳይነካው በመዳፉ ይዳብሰው። ይህን ያለፈ ወጣት ቶርኖ በብድር ቢገዛ ዕዳውን ይከፍላል።