ከኮምቦልቻ ወደ ጨፋ የሚወርደው

ከደሴ ተነሥቶ በአዲስ አበባ መንገድ የሚጓዝ ሰው ኮምቦልቻንና ከሚሴን አልፎ ጨፋ ሮቢት እስኪደርስ ድረስ የጨፋን ሜዳ እያየ ይሄዳል። ሜዳውን የሚያጠጣው ቦርከና ነው። ወንዙ ከደሴ በላይ ካለው ደጋ ይነሣል፣ በኮምቦልቻ በኩል ያልፋል፣ የጨፋን ረግረግ አጥግቦ ወደ አዋሽ ይወርዳል። በበጋ የቆላው ሣር ሲያልቅ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን እየነዱ የሚመጡት ወደዚሁ ሜዳ ነው። ማሽላውም፣ ማሾውም፣ ወተቱም፣ ቆዳውም ከዚሁ ይወጣል።

በዕረፍት ጊዜ ወደ ቤተሰቡ ወደ ሮቢት የወረደ አንድ ጓደኛችን ከሽማግሌ ጎረቤታቸው የሰማውን ነግሮናል። ሽማግሌው፣ «ልጄ፣ እናንተ ዘንድ እዚያ ላይ ፋብሪካ አለ፤ ትልቅ ትምህርት ቤትም አለ። ወደኛ የሚወርደው ግን ውሃው ብቻ ነው፤ እሱም ጠቁሮ» ነበር ያሉት። ጓደኛችን የሚመልሰው አጥቶ ዝም እንዳለ ሳይሸሽግ አውርቶናል። እኛም ብንሆን ከዝምታ የተሻለ መልስ አልነበረንም።

«ክላስተር» የሚለው ቃል ዛሬ ከመሥሪያ ቤት ስብሰባ አይጠፋም። ገበሬው «ኩታ ገጠም» ብሎ ያውቀዋል፤ ማሳቸው የተያያዘ ገበሬዎች አንድ ዓይነት ዘር ባንድ ጊዜ ሲዘሩ ማለት ነው። በኢንዱስትሪ በኩል ግን ነገሩ ማሳ ከመግጠም ያለፈ ነው። አምራቹ፣ ዕቃ አቅራቢው፣ ጠጋኙ፣ ነጋዴውና አስተማሪው በአንድ አካባቢ ተቀራርበው ሲኖሩ አንዱ ያወቀውን ሌላው ሳይውል ሳያድር ይሰማዋል፤ ሠራተኛም ጌታ ሲለውጥ ዕውቀቱን ይዞ ይሄዳል። በዓለም ገበያ የሚወዳደሩት እንግዲህ መንግሥታት ብቻ ሳይሆኑ እንዲህ ያሉ አካባቢዎችም ጭምር ናቸው።

በፓኪስታን ሲያልኮት የምትባል ከተማ አለች። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን የሚሲዮን ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ሲበላሽበት ለአካባቢው አንጥረኞች ይሰጥ ነበር። እኛ «ቀጥቃጭ» እያልን የኖርነውን ዓይነት ሰው ማለታችን ነው። ጠጋኙ ውሎ አድሮ ሠሪ ሆነ፤ ዛሬ የሲያልኮት መቀስና መቆንጠጫ በአውሮፓና በአሜሪካ ሆስፒታሎች ይሠራበታል። በ1994 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጥራቱ ጎድሏል ብሎ ዕቃቸው እንዳይገባ ባገደ ጊዜ ከተማዋ ፋብሪካዋን ዘግታ አልተበተነችም። አምራቾቹ በማኅበራቸው በኩል ከመንግሥታቸው ጋር ሆነው የጥራት ደንቡን ተማሩ፣ አሠራራቸውን አስተካከሉ፣ ገበያውንም አስመለሱ። ሙያው የራሳቸው ስለ ነበረ ለማረምም የራሳቸው እጅ በቃቸው።

ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የመርካቶ ጫማ ሠሪዎች በ1993 ዓ.ም. ግድም የቻይና ጫማ ገበያውን ሲያጥለቀልቅባቸው ብዙዎቹ ሥራ ፈቱ። የቀሩት ግን ቆዳ ነጋዴው፣ ሶል ሻጩና ሰፊው ባንድ ሰፈር ስለ ነበሩ ሥራቸውን እያሻሻሉ ገዢያቸውን መለሱ። ለእነዚህ ሰዎች ፓርክ የሠራላቸው አልነበረም።

ወደ ኮምቦልቻ እንመለስ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በ75 ሄክታር ላይ ተሠርቶ ተመረቀ። ሙሉ ልብስ የሚሰፋ ከአሜሪካ፣ ቦርሳ የሚሠራ ከኮሪያ መጣ፤ ብዙ ወጣት ሴቶችም የመጀመሪያ ደመወዛቸውን እዚያ ተቀበሉ። ይህን የሚያቃልል ሰው የድሀን ቤት አያውቅም። ዳሩ ግን በአገራችን የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ጨርቁ፣ ክሩና ዚፑ በአመዛኙ ከውጭ በኮንቴይነር ይገባል፤ ተሰፍቶም በኮንቴይነር ይወጣል። ሠራተኛዋ ቀኑን ሙሉ አንዲት እጅጌ ስትገጥም ትውላለች። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ማለቂያ ኮምቦልቻን አገኛት፤ ከተማዋ እስክትመለስ ድረስ ፋብሪካውም የወሎ ዩኒቨርሲቲም ተዘረፉ። በዚሁ ዓመት ታኅሣሥ 23 ቀን ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ከቀረጥ ነፃ ገበያዋ አገደች። ሲያልኮት ስትታገድ የሚታረም ጥፋትና የሚያርም እጅ ነበራት። ለእኛ ግን ውሳኔው የመጣው በስፌታችን ጉድለት ስላልነበረ ስፌት በማሳመር የሚመለስ አልነበረም፤ ገዢውም ገበያውም ጨርቁም የሌላ ነበርና።

ከመምህራኖቻችን አንዳንዶቹ «መጀመሪያ ሥራ፤ ዕውቀቱ ኋላ ይመጣል» ይላሉ። ፈጽሞ ስሕተት ነው አንልም። ነገር ግን ዕውቀት ባዶ እጁን ለቆመ አይመጣም፤ የሚቀበለው ጠጋኝ፣ አቅራቢና ተማሪ በአጠገቡ መገኘት አለበት። ጨፋ ይህን ሁሉ ልትሰጥ የምትችል አገር ነበረች። ማሾዋ በምርት ገበያ በኩል አልፎ ባሕር ይሻገራል፤ የሚሻገረው ግን በጥሬው ነው። ቆዳው ላይ የሚቀረውን የቢላዋና የመዥገር ጠባሳ ማን ለአራጁና ለአርቢው አስረዳ? ዋጋውን የሚጥለው እኮ ያ ጠባሳ ነው። ኮምቦልቻ ከፋብሪካዋ እስከ ጨፋ ከብት ጉረኖ ድረስ አንድ የሙያ ሰንሰለት መሆን ስትችል፣ ሰንሰለቱ ከከተማው መውጫ ላይ ይቆረጣል።

ሳይቆረጥ የሚወርደው ሽማግሌው ያሉት ነው። ተመራማሪዎች በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች አጠገብ አልፈው ወደ ቦርከና በሚገቡ ጅረቶች ውስጥ ክሮሚየምና ሌሎች ከባድ ብረቶች ማግኘታቸውን በዓለም አቀፍ መጽሔቶች ጽፈዋል። ጽሑፉን ያነበቡት የሌላ አገር ምሁራን ናቸው፤ ውሃውን የሚጠጣው የጨፋ ከብት ነው። ይህ የርኅራኄ ጉዳይ ብቻ አይምሰለን። የጀርመን የአቅርቦት ሰንሰለት ሕግ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትላልቅ ገዢዎችን ስለ ሠራተኛው መብትና ስለ አካባቢው እንዲጠይቁ ያስገድዳቸዋል፤ ፍሳሹን ያላጣራ አካባቢ ነገ በዋጋ ብቻ መወዳደር አይችልም።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን። የኬሚስትሪ ተማሪ በየወሩ ከከተማው በላይና በታች አንድ አንድ ጠርሙስ ውሃ ቀድቶ መመርመር ምን ያስቸግረዋል? የሜካኒካል ተማሪ ማሾ የሚያበጥርና የሚለይ ማሽን ከከሚሴ በያጆች ጋር ተቀምጦ ቢሠራ፣ በያጁ ከእርሱ፣ እርሱም ከበያጁ ይማራል። የመመረቂያ ጽሑፋችን በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ተጠርዞ፣ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ይለብሳል። የጨፋ ገበሬ የሚናገረው ኦሮምኛ ነው፤ የዞኑ የሥራ ቋንቋም ኦሮምኛ ነው። ሁለት ገጽ ማጠቃለያ በኦሮምኛ የሚጽፉልን የዚያው አገር ልጆች በየክፍሉ ተቀምጠው ሳሉ እስከ ዛሬ የጠየቃቸው የለም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

ማኅበራችን በዚህ ወር መዝገብ ከፍቷል። የመመረቂያ ሥራውን ከቦርከና ውሃ፣ ከማሾ፣ ከወተት ወይም ከቆዳ ጋር ለማያያዝ የፈለገ ተማሪ ስሙንና የጥናቱን ርእስ ያስመዝግብ፤ ለማማከር የፈቀዱ መምህራንም እንዲሁ። ኦሮምኛ የሚጽፉ ጓደኞቻችን በተለይ ይፈለጋሉ። የተመዘገቡት ርእሶች በሚቀጥለው እትም ይወጣሉ፤ አንድ ቅጂም ጓደኛችን ወደ ሮቢት ሲወርድ ለሽማግሌው ይዞላቸው ይሄዳል።