ስህተቱን የተናገረች ነርስ ትከበር

ከደባርቅ ወይም ከዳባት መጥቶ ጎንደር ላይ ኦፕራሲዮን የሆነ አባወራ በማግሥቱ «አባቴ፣ ቁስሉ እንዴት አደረ?» ሲባል መልሱ «ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው። ጥርስ ነክሶ መቻል ያደገበት ወግ ነው። የማስታገሻው መጠን የሚወሰነው ግን በዚያ መልስ ነው። ሕመሙን ከዜሮ እስከ አሥር እንዲመድብ አስረድቶ የሚጠይቀው፣ ሲያስልና ሲገላበጥ ፊቱን የሚያይለት ባለሙያ ካላገኘ በዝምታ ይሰቃያል። ያመመው ሰው ደግሞ በደንብ አያስልም፣ ከአልጋው አይነሣም፤ ሳንባው ለኢንፌክሽን፣ እግሩ ለደም መርጋት ይጋለጣል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ከቀዶ ሕክምና በኋላ 91 ከመቶ ሕመምተኞች ሕመም እንደነበራቸው፣ 80 ከመቶ የሚሆኑት በቂ ማስታገሻ እንዳላገኙ አሳይቷል። መሰጠት ሲገባው ያልተሰጠ ማስታገሻ የመድኃኒት ስህተት ነው።

ትርፍ መስጠትም እንዲሁ። የተለመደው የዲክሎፌናክ መርፌ 75 ሚሊግራም ነው፤ የአዋቂ ሰው የቀን ጣሪያ ደግሞ 150። የማታዋ ተረኛ ወግታ ሳትጽፍ ከሄደች የጠዋቷ ትደግማለች፤ ብዙ ደም ለፈሰሰው ሰው ኩላሊት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ትራማዶል በቀን ከ400 ሚሊግራም ካለፈ ወይም ከፔቲዲን ጋር ከተደረበ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ሞርፊን ሲበዛ ትንፋሽን ያዳክማል፤ ማርከሻው ናሎክሶን በቅርብ መኖር አለበት። አስታማሚው ከውጭ ፋርማሲ የገዛው ክኒን በሌላ ስም የተሸጠ ፓራሲታሞል ሊሆን ይችላል። ካርዱ ላይ «8 ሰዓት» ብቻ ከተጻፈም፣ በእኛ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ካልተለየ፣ መድኃኒቱ ስድስት ሰዓት ሊዘገይ ወይም ሊቀድም ነው።

ይህ ሁሉ የግምት ሥጋት አይደለም። ባሕር ዳር በሚገኘው ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል 360 የመድኃኒት አሰጣጦችን በዓይን የተከታተሉ ተመራማሪዎች በ56.4 ከመቶው ስህተት አግኝተዋል፤ በብዛት የታየው አለመመዝገብ ነበር። የሌሊት ተረኝነትና በሥራ መካከል መቋረጥ ከስህተቱ ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። እኔን ከዚህም በላይ ያሳሰበኝ የጎንደሩ ቁጥር ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነርሶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ስህተትን ሪፖርት የማድረግ ልማዱ 29.1 ከመቶ ብቻ መሆኑን ይናገራል። አብዛኛው ስህተት ከማንም ጆሮ ሳይደርስ ይቀራል ማለት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን፤ ስህተቱ የሚደበቅበት ሆስፒታልም እንደዚያው ነው።

ነርሷ ለምን ትደብቃለች? ብትናገር የምታገኘው ወቀሳና ቅጣት ከሆነ መደበቋ አይገርምም። ተቀጥታ ብትሄድ እንኳ ስህተቱን የወለደው ነገር እዚያው ይቀመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 የደም መፍሰስን የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ በጀርባ በሚሰጠው ማደንዘዣ ምትክ በስህተት እንዳይወጋ ሲያስጠነቅቅ፣ መነሻው የአምፑሎቹ መመሳሰል ነበር። ሰው ቢቀየርም የሚመሳሰሉት አምፑሎች ጎን ለጎን እስከተቀመጡ ድረስ ያው ስህተት ይመለሳል።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። ሆን ብሎ ያጠፋ በሕግ ይጠየቅ፤ ስህተቱን በራሱ አንደበት የተናገረ ግን ይጠበቅ፣ ይመስገንም። እያንዳንዱ መርፌ እንደተሰጠ ወዲያው ይጻፍ። የሞርፊንን ሂሳብ ሁለት ሰው ይየው። ርክክቡ ሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ይሁን። ከሰሜን ደጋ በሪፈር የሚመጣ ሰው ወረቀት ላይ የመጨረሻው ማስታገሻ ስም፣ መጠንና ሰዓት ይስፈር። አስታማሚዎችም የገዛችሁትን መድኃኒት ሁሉ ለነርሷ አሳዩ።

ጎንደር ከ1947 ዓ.ም ጀምሮ ለአገር ጤና ባለሙያ ስታሠለጥን ኖራለች። እዚህ የሚለመድ ሥራ ከተመራቂዎቹ ጋር ወደየወረዳው ይሄዳል። ስህተትን ያለ ፍርሃት መናገር ከትምህርቱ አንዱ ይሁን፤ ለዚህ ከአስተዳዳሪዎች ቁርጠኝነት በቀር የሚገዛ መሣሪያ አያስፈልግም።