የባዶው መደርደሪያ ስሌት

ዓመታዊ የጤና መድን መዋጮውን ከፍሎ፣ ከሌሊት ጀምሮ ተጉዞ፣ በሐኪም ተመርምሮ የታዘዘለትን ወረቀት ይዞ ወደ ሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት መስኮት የቀረበ ሕሙም «ይህ የለም፤ ከውጭ ግዛ» ሲባል፣ በደዌው ላይ ሌላ ጭንቀት ተጨምሮበት እንደሚመለስ ሁላችንም የምናየው ነው። የዚህን መንሥኤ ለሚጠይቅ ሰው ዘወትር የሚሰጠው መልስ የውጭ ምንዛሪ እጥረት ነው። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የእውነቱን እኩሌታ ብቻ የያዘ በመሆኑ፣ በገዛ እጃችን ያለውን ጉድለት እንዳናይ ጋርዶናል ብዬ አምናለሁ።

በሥርዓቱ መሠረት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች በየሁለት ወሩ ያወጡትንና የቀራቸውን መድኃኒት ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ያስታውቃሉ፤ የሚጠይቁትም መጠን የሁለቱ ወር ወጪ በእጥፍ ተባዝቶ፣ በእጃቸው ያለው ተቀንሶ፣ ለ4 ወር እንዲበቃ የሚታሰብ ነው። እንግዲህ በወር 300 ብልቃጥ ኢንሱሊን የሚፈጅ ሆስፒታል ከሁለቱ ወር የኋለኛውን መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ቢያሳልፍ፣ የመድኃኒቱ ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት ቢን ካርድ ላይ የሚገኘው ወጪ 300 ብቻ ይሆናል። ይህ ወጪ እንዲታረም መድኃኒቱ የጠፋባቸው ቀናት የሚጻፉበት ዓምድ በሪፖርቱ ቅጽ ላይ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ በመስኮቱ ማደሉንም በመጋዘኑ መቁጠሩንም ብቻውን የያዘው ባለሙያ በሥራ ብዛት ተጣድፎ ሳይሞላው ቢያልፍ፣ 1,200 መጠየቅ የሚገባው ሆስፒታል 600 ይጠይቃል፤ ለ4 ወር የተባለውም በ2 ወር ያልቃል። በዚህ አኳኋን ያለፈው እጦት የሚመጣውን እጦት ይወልዳል፤ ከየስፍራው የተሰበሰበው ያነሰ ቁጥርም ለአገር አቀፉ ግዥ ትንበያ መነሻ ሲሆን፣ የአንዱ መጋዘን ስሕተት የሀገር ስሕተት ይሆናል።

የገንዘቡም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። ተዘዋዋሪው የመድኃኒት ፈንድ የተመሠረተው የተሸጠው መድኃኒት ዋጋ ተመልሶ ዳግመኛ እንዲገዛበት ነው፤ ሆኖም ጤና ተቋማት በዱቤ የወሰዱትን ሳይከፍሉ ሲቆዩ ገንዘቡ መዞሩን ያቆማል፣ ዋጋውም ይመነምናል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለ ደረሰ፣ ከዚያ በፊት መከፈል ሲገባው ከዚያ በኋላ የተከፈለ ብር የሚገዛው መድኃኒት በእጅጉ አነሰ። የሀገር ውስጥ ፋብሪካዎችም ቢሆኑ ፈዋሹን ንጥረ ነገር በአብዛኛው ከሕንድና ከቻይና የሚያስመጡ በመሆናቸው ከዚሁ መከራ አላመለጡም።

የዶላሩን ነገር የሚወስነው ሌላ ክፍል ነው፤ ቅጹና ዕዳው ግን በሆስፒታል ኃላፊዎች ሥልጣን ሥር ናቸው። ስለዚህ ኃላፊዎቹ ሪፖርቱ ከመላኩ በፊት ከመድኃኒት ባለሙያው ጋር ተቀምጠው ያን ዓምድ እንዲመለከቱ፣ ለቆጠራው ረዳት እንዲመድቡለት፣ የመድኃኒቱንም ዕዳ ከሌላው ወጪ ሁሉ አስቀድመው እንዲከፍሉ በሕሙማን ስም እማጸናለሁ።