ከመዳን በኋላ ያለው ዕድሜ

ባለፈው ክረምት ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ሐይቅ በሄድኩበት ወቅት፣ ከአምባሰል የመጡ አንድ አርሶ አደር ጥያቄ አቀረቡልኝ። የሰባት ዓመት ልጃቸው በደም ካንሰር ታማ አዲስ አበባ ሕክምና ጀምራ ነበር። «መምህር፣ ልጅቱ እኮ ድናለች፤ ትበላለች፣ ትሮጣለች። ሐኪሞቹም በሽታው አሁን አይታይም ብለዋል። ታዲያ ገና ከሁለት ዓመት በላይ መድኃኒት ትውሰድ መባሉ ስለምን ነው? እኔ እንደሆን በሬዬን ሸጬ ጨርሻለሁ» አሉኝ።

ሐኪም አይደለሁም፤ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ሆኖም ጥያቄያቸው በከፊል የቁጥር ጥያቄ በመሆኑ በቁጥር ለመመለስ ሞከርኩ።

በሕፃናት ላይ በብዛት የሚታየው የደም ካንሰር ዓይነት አጣዳፊ ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ ይባላል። በአጥንት መቅኔ ውስጥ ያልበሰሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ያለ ልክ እየተባዙ ጤናማውን ደም የሚያመርቱትን ሕዋሳት ቦታ ያሳጣሉ። በሽታው በሚታወቅበት ጊዜ በሕፃኑ አካል ውስጥ እስከ አንድ ትሪሊዮን የሚደርሱ የካንሰር ሕዋሳት ይገኛሉ። የመጀመሪያው ወር ሕክምና ከእነዚህ ውስጥ 99.9 በመቶውን አጠፋ እንበል። ልጁ ይበረታል፤ በማይክሮስኮፕም በሽታው አይታይም። ነገር ግን አንድ ቢሊዮን ሕዋሳት ቀርተዋል። እነዚህ አሥር ጊዜ ብቻ እጥፍ ቢሆኑ ተመልሰው አንድ ትሪሊዮን ይሞላሉ። ሕክምናው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት የሚዘልቀው በዚህ ምክንያት ነው።

አባትየው ጥቂት ካሰቡ በኋላ «ሙጃ ነው በሉኛ! ላዩን ቢያጭዱት ሥሩ ያቆጠቁጣል» አሉ። ከእኔ ስሌት የእርሳቸው አገላለጽ ይሻላል። ወዲያውም ሌላ ጥያቄ አስከተሉ፦ «ከዳነች በኋላስ ትምህርቱን ትችለዋለች?»

ይህ ሁለተኛው ጥያቄ የዓለም ተመራማሪዎችን ለረጅም ዘመን ያደከመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ሲድኒ ፋርበር በቦስተን አሚኖፕቴሪን የተባለውን መድኃኒት ለ16 ሕፃናት ሰጥቶ በ10ሩ ላይ ለውጥ ባየ ጊዜ፣ ለውጡ ጊዜያዊ ስለነበር የሁሉም ጭንቀት ሕይወትን ማትረፍ ብቻ ነበር። ኋላ ግን የካንሰር ሕዋሳት መድኃኒት በቀላሉ በማይደርስበት በአንጎል አካባቢ እንደሚደበቁ ስለታወቀ የሕፃናቱን ራስ በጨረር ማከም ተጀመረ። የተለመደው መጠን 24 ግሬይ ነበር።

አንድ ግሬይ ማለት በአንድ ኪሎ ግራም አካል ውስጥ የሚቀር አንድ ጁል ኃይል ነው። 24 ግሬይ የራስን ሙቀት የአንድ ዲግሪ መቶኛ ያህል እንኳ ከፍ አያደርግም፤ አንድ ማንኪያ ትኩስ ሻይ ከዚህ የበለጠ ሙቀት ይዞ ወደ ሰውነት ይገባል። ጉዳቱ የሚመጣው ጨረሩ ኤሌክትሮኖችን ከአቶሞች እየነጠቀ የሕዋሱን ዲኤንኤ ስለሚሰብር ነው። ጨረሩ ብዙዎችን ከሞት ታደገ፤ ከዓመታት በኋላ ግን ከዳኑት መካከል ትምህርት መቀበል የተሳናቸው፣ ቁመታቸው የተገታ፣ ሌላ ዕጢ የወጣባቸውም ተገኙ።

ይህ ሊታወቅ የቻለው የዳኑት ልጆች መዝገብ ስላልተዘጋ ነው። በአሜሪካና በካናዳ እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው ጥናት በሺዎች የሚቆጠሩትን ለዐሥርት ዓመታት ተከታትሏል። በእንዲህ ያለ ክትትል ምክንያት የጨረሩ መጠን ወደ 18፣ ከዚያም ወደ 12 ግሬይ ዝቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የሜምፊስ ሆስፒታል ጥናት ደግሞ መድኃኒቱ በሚገባ ከተስተካከለ የራስ ጨረር ጨርሶ ሊቀር እንደሚችል አሳየ። የቀደሙት ልጆች ሕይወት ለተከታዮቹ ትምህርት ሆነ ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በበለጸጉ አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ሕፃናት ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ፤ በብዙ ድሃ አገሮች ግን ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዕቅድ እስከ 2030 ቢያንስ 60 በመቶ ለማዳን ግብ አስቀምጧል። በኢትዮጵያ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕፃናት ካንሰር ሕክምና ይሰጣል፤ በደም ካንሰር ባረፈ ሕፃን ስም በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲም ሐዘን ወደ ሥራ ሊለወጥ እንደሚችል ያሳየ ነው።

በእኔ አመለካከት ግን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ለዓመታት መመላለስ ለአምባሰል ገበሬ የሚቻል አይደለም። የሕክምናው የመጨረሻ ረጅም ክፍል በአብዛኛው በአፍ የሚወሰድ መድኃኒትና ተደጋጋሚ የደም ቆጠራ ነው። ይህ በአዲስ አበባ ሐኪሞች መሪነት በደሴ ሊከናወን ይገባዋል። ትምህርት ቤቶችም ከሕክምና የተመለሰውን ልጅ በትዕግሥት ተቀብለው ያመለጠውን እንዲያካክስ ሊያግዙት ይገባል። እኛ የሳይንስ መምህራን ደግሞ የስታትስቲክስ፣ የፊዚክስና የሥነ ልቦና ዕውቀታችንን አዋጥተን የዳኑ ልጆች ቋሚ መዝገብ እንዲኖር ብንሠራ፣ የአባትየውን ሁለተኛ ጥያቄ ከውጭ መጽሐፍ ሳይሆን ከራሳችን ልጆች ሕይወት ለመመለስ እንበቃለን።

አባትና ልጅ በሳምንቱ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰዋል። ለሁለተኛው ጥያቄ የሰጠኋቸው መልስ «ይመስለኛል» የሚል ብቻ ነበር።