ገንዘቡ ተከፈለ፣ ይቅርታው ግን የለም

የኮሪያ ድራማ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ፍቅር ነው። ዝናብ፣ ጃንጥላ፣ ሆስፒታል፣ በመጨረሻም ለቅሶ። ሶንግ ህዬ ክዮ የምትባለዋ ተዋናይት ራሷ ስሟ የገነነው እ.ኤ.አ. በ2000 በታየው "ኦተም ኢን ማይ ሃርት" ነው። እዚያ ላይ ገና ስትወለድ ሆስፒታል ውስጥ በስህተት ከሌላ ሕፃን ጋር ተለዋውጣ ያደገች፣ በኋላም በደም ካንሰር የምትሞት ልጅ ሆና ስንቱን አስለቅሳለች። ከ22 ዓመት በኋላ ያችው ተዋናይት በ"ዘ ግሎሪ" ስትመጣ ግን ፍቅር ፈልጋ አይደለም። በቀል ፈልጋ ነው።

ድራማው 16 ክፍል ሲሆን፣ ግማሹ በታኅሣሥ 2022፣ ግማሹ ደግሞ በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. በኔትፍሊክስ ወጥቷል። ከዚህ በታች ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስለምናወራ፣ ገና ያላያችሁና ማየት የምትፈልጉ ንባቡን እዚህ ላይ ብታቆሙ ቅር አይለንም።

ሙን ዶንግ ኡን ድሃ ተማሪ ናት። አምስት የክፍል ጓደኞቿ በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ይዘው በጋለ የፀጉር መተኮሻ ገላዋን ያቃጥሏታል። ይሄ ከደራሲዋ ጭንቅላት ብቻ የወጣ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ቾንግጁ በምትባል የደቡብ ኮሪያ ከተማ በአንዲት ተማሪ ላይ ተመሳሳይ ግፍ ተፈጽሟል። ዶንግ ኡን ለፖሊስ ትናገራለች፣ ሰሚ የለም። ትምህርት የምታቋርጥበትን ምክንያት፣ የአጥፊዎቹን ስም ጭምር ዘርዝራ በወረቀት ታስገባለች። የክፍል ኃላፊው መምህር እሷኑ ይደበድባታል። ከዚያ እናቷ ትጠራለች። እናት ከዋናዋ አጥፊ ቤተሰብ ገንዘብ ተቀብላ ትፈርማለች፣ በወረቀቱ ላይ ያለው ምክንያትም ተለውጦ ልጅቷ "ከትምህርት ቤቱ ጋር መላመድ ያቃታት" ተብላ ትወጣለች። እናትየው ገንዘቡን ይዛ ትጠፋለች።

እንደኛ አስተያየት የድራማው ከባድ ቦታ መተኮሻው ሳይሆን ይቺ ፊርማ ናት። ቁስል ያማል፣ ይጠግጋል፣ ጠባሳው ይቀራል። በፊርማው ግን በደሉ ራሱ እንዳልተደረገ ሆነ። በወረቀት ደረጃ ጉዳዩ ተዘግቷል፣ ካሳም ተከፍሏል፣ ማን ምን ይጠይቃል? በብዙ የሀገራችን አካባቢ ሽማግሌ ሲቀመጥ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ "አጥፍቻለሁ" ይላል። ካሳው የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ግን ካሳው መጥቶ ማመኑ ቀረ። የዶንግ ኡን የ18 ዓመት ዝግጅት በሙሉ የመነጨው ከዚህ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ደራሲዋ ኪም ኡን ሱክም ድራማው ከመውጣቱ በፊት ለጋዜጠኞች የተናገረችው ወደዚሁ ይመጣል። የተበደሉ ሰዎች የጻፉትን ስታነብ አብዛኞቹ የሚፈልጉት ከገንዘብ ይልቅ ከልብ የሆነ ይቅርታ ሆኖ አገኘችው፤ የተወሰደባቸው ክብር እንዲመለስላቸው ነው የሚሹት። የድራማውም ስም ከዚያ መጣ፤ "ግሎሪ" ማለት ክብር ማለት ነውና።

ዶንግ ኡን ፋብሪካ እየሠራች ተምራ አስተማሪ ትሆናለች። የዋናዋ አጥፊ የፓርክ ዮን ጂን ልጅ በምትማርበት ክፍል ገብታ ትቆማለች። ዮን ጂን በዚህ ጊዜ የአየር ትንበያ አቅራቢ ናት፤ ሀብታም ባል አግብታለች፣ ያጠፋችው ነገር ያለ አይመስላትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። የዮን ጂን ባል ባዱክ ይጫወታል። ባዱክ በጥቁርና በነጭ ጠጠር የሚጫወቱት ነው፣ ከገበጣ ጋር አይምታታባችሁ፤ አንዴ የተቀመጠ ጠጠር ከቦታው አይንቀሳቀስም፣ ዙሪያውን ከተከበበ ግን ይነሳል። ዶንግ ኡን ጨዋታውን የተማረችው እሱን ለመቅረብ ነው፣ አምስቱንም የምትይዛቸው በዚሁ ዘዴ ነው። ቀስ ብላ ትከባለች።

ፍቅሩስ የት አለ? ጁ ዮ ጆንግ የሚባል ሐኪም አለ፣ ባዱክ ያስተማራትም እሱ ነው፣ ይወዳታል። ጠባሳዋን ካየ በኋላ "ተይው፣ እርሺው" አይላትም፤ ሰይፍሽ ልሁን ይላታል። እኛ ግን የበለጠ የነካን ካንግ ህዮን ናም የምትባለዋ የቤት ሠራተኛ ናት። ባሏ የሚደበድባት፣ አንድ ሴት ልጅ ያላት ሴት ናት፤ የዮን ጂንን ወገኖች ልሰልልልሽ፣ አንቺ ባሌን አስወግጂልኝ ብላ ትዋዋላለች። ውሉ የበቀል ነው። በመሃል ግን ይቺ ሴት እንቁላል ቀቅላ ይዛ ትመጣለች፣ ትስቃለች፣ መኪና መንዳት ትማራለች። ዶንግ ኡን ሳትወድ በግዷ ፈገግ ስትል የምናየው ከእሷ ጋር ነው። ልጅቷ ወንዝ ልትገባ በሄደች ሌሊት ያገኘቻት አሮጊትም አለች፣ ራሷም ለመሞት የመጣች። ውሃው ይበርዳል፣ ሞቱ ለፀደይ ይቆየን ተባብለው ሁለቱም ተረፉ። በዚህ ድራማ ፍቅር ማለት እንዲህ ነው፤ አጠገብህ ቆሞ "አዎ፣ ደርሶብሻል" የሚል ሰው።

ታዲያ ያልወደድንለት ነገርም አለ። ደራሲዋ የዶንግ ኡንን እጅ ንጹሕ አድርጋ ለማስቀረት አጥፊዎቹ እርስ በርሳቸው እንዲበላሉ አድርጋለች። አንዷ ሌላዋን አንገቷ ላይ በእርሳስ ትወጋታለች፣ የሚገደልም አለ፣ ዮን ጂን እስር ቤት ትወርዳለች። ያረካል፣ አንዋሽም፣ እኛም አጨብጭበናል። ግን በቀል እንዲህ ሥርዓት ይዞ፣ የሚገባውን ብቻ መርጦ የሚሄድ ከሆነማ ማን ይፈራው ነበር? የዮን ጂን ልጅ ዬ ሶል ምንም አላጠፋችም። አስተማሪዋ የእናቷ ጠላት ናት፣ አባቴ የምትለው ሰው የሥጋ አባቷ አይደለም፣ እናቷ ታስራለች። ድራማው አሳዳጊ አባቷ ይዟት ወደ እንግሊዝ ሀገር እንዲሄድ አድርጎ ከዓይናችን ያርቃታል። አሥር ዓመት ቆይታ ምን ታስብ ይሆን? በ16 ክፍል ውስጥ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ቦታ መጥፋቱ ያስተዛዝባል።

ከድራማው ውጭ የሆነውም ቀላል አይደለም። በመጋቢት 2023 የድራማው ዳይሬክተር አን ጊል ሆ ራሱ በተማሪነቱ ጉዳት አድርሷል ተብሎ ተከሰሰ፤ መጀመሪያ ካደ፣ በኋላ በጠበቃው በኩል አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። በሚያዝያ ወር ደግሞ የደቡብ ኮሪያ መንግሥት ከባድ ጥፋት የፈጸመ ተማሪ መዝገቡ ከምረቃ በኋላ ለ2 ዓመት ይያዝ የነበረው 4 ዓመት እንዲሆን፣ ዩኒቨርሲቲ ለመግባትም እንዲታይ ወሰነ። በዚያ ሰሞን የአንድ ባለሥልጣን ልጅ ጉዳይም ሀገሩን አስቆጥቶ ስለነበር፣ ውሳኔው ድራማው ብቻ ያመጣው ነው ማለት አይቻልም።

በመጨረሻው ክፍል ዶንግ ኡን ሥራዋን ጨርሳ ከፎቅ ልትወድቅ ትቆማለች። የሐኪሙ እናት ደርሳ ልጄን አድኚልኝ ብላ ትለምናታለች፤ የሐኪሙ አባት በነፍሰ ገዳይ የተገደለ ነውና እሱም የራሱ በቀል አለው። እሷም ትመለሳለች፣ ነፍሰ ገዳዩ ወደ ታሰረበት ወህኒ ቤትም አብረው ይገባሉ። ከ18 ዓመት በኋላ እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ቀን እንኳ ተቀምጠው ትኩስ ምግብ ሲበሉ ብናይ ደስ ባለን ነበር።